የሴት ልጃችንን መልክ የሠራው ማን ነው?

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

 

ቁርኣን በአን-ነሕል ምዕራፍ (16፡58-59) ስለ አንድ አባት ይነግረናል። ሴት ልጅ ተወለደችልህ ተብሎ ሲበሰር ፊቱ ይጠቁራል፤ ንዴቱን ውጦ ከሰው ይሸሸጋል፤ በውርደት ያኑራት ወይስ አፈር ውስጥ ይቅበራት እያለ ከራሱ ጋር ይማከራል። አላህም (ሱ.ወ.) ይህን ፍርድ ክፉ ፍርድ ይለዋል። በአት-ተክዊር (81፡8-9) ደግሞ ከነሕይወቷ የተቀበረችው ሕፃን በምን ወንጀል እንደተገደለች የምትጠየቅበት ቀን እንዳለ ተነግሮናል።

ያ የጃሂሊያ ዘመን ልማድ በኢስላም ተሽሯል፤ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን የአን-ነሕል አንቀጽ ሁለት ነገር ማንሳቱን ልብ እንበል፤ አንደኛው መቅበር ነው፣ ሌላው በውርደት ማኖር ነው። የመጀመሪያው ቀርቷል። ሁለተኛውስ? ይህን ጥያቄ እያንዳንዳችን በየቤታችን ሆነን ልንመልሰው ይገባል። አንዲት ልጅ በገዛ ወላጆቿ ቤት፣ እሷ ባልሠራችው ነገር፣ በቆዳዋ ቀለም፣ በአፍንጫዋ፣ በጠጉሯ፣ በቁመቷና በክብደቷ እየተሸማቀቀች ካደገች ይህ በውርደት ማኖር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ከአራስ ቤት የሚጀምር ፍርድ

ነገሩ የሚጀምረው ከአራስ ቤት ነው። ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ ገንፎውን ቀምሶ ሳይጨርስ «ማንን መሰለች? ቀይ ናት?» ይላል። የሕፃኗን ጆሮ ገለጥ አድርጎ ወደፊት ትቀላ ወይም ትጠቁር እንደሆነ የሚመረምርም አይጠፋም። «የእናቷን መልክ ብትወስድ ጥሩ ነበር፤ ምን ይደረግ» የሚል አስተያየት ይከተላል። ሕፃኗ ይህን አትሰማም። አምስት ዓመት ሲሞላት ግን ትሰማለች። ወንድሟ በደጅ ሲሮጥ «ጀግና!» ሲባል፣ እሷ «ከፀሐይ ውጪ፣ ትጠቁሪያለሽ» ትባላለች። ወንድሟ በገበታ ላይ «ብላ፣ ጠንክር» ሲባል፣ እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት «ይብቃሽ፣ ተድቦለበልሽ እኮ፤ ማን ያገባሻል?» ትባላለች። ከታናሽ እህቷ ጋር ቆማ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አንዷ «ቆንጆዋ»፣ ሌላዋ «ጎበዟ» ተብለው ይተዋወቃሉ። «ጎበዟ» የተባለችው ምን ማለት እንደሆነ ይገባታል።

ይህን የሚናገሩት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ታመው ቢያዩዋቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። አብዛኛውም የሚነገረው በቀልድ ነው። ነገር ግን ኢስላም ይህን ዓይነቱን ቃል እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአንድ ወቅት ስለ እናታችን ሶፊያ (ረ.ዐ.) አጭርነት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት አንድ ቃል ተናገሩ። የተባለው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ስድብም አይመስልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ያቺ ቃል ከባሕር ውሃ ጋር ብትቀላቀል ባሕሩን የምታበላሽ መሆኗን ነገሯቸው። ሱብሐነላህ! ስለ ሰው ቁመት የተነገረች አንዲት ቃል ባሕርን ካበላሸች፣ በየቀኑ በምሳና በእራት ላይ የሚደጋገመው ቃል የአንዲት ሕፃን ልብ ምን ያደርገው ይሆን?

ሌላም አለ። ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ቅልጥማቸው ቀጭን ነበር። አንድ ቀን መፋቂያ ሊቆርጡ ዛፍ ላይ ወጥተው ነፋስ ልብሳቸውን ሲገልጠው ሰዎች ሳቁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እነዚያ ቀጫጭን እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ የሚከብዱ መሆናቸውን ተናገሩ። ሐዲሱ በአሕመድ ሙስነድ ውስጥ ይገኛል። ሰዎቹ ያዩት ሥጋውን ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን የሰውየውን ክብደት በሌላ ሚዛን ለኩት።

በአል-ሑጁራት (49፡11) አላህ ሰው በሰው እንዳይሳለቅ ሲከለክል ሴቶችን ለብቻ ጠቅሶ ክልከላውን ይደግመዋል፤ በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትንም አብሮ ይከለክላል። እንግዲህ በየቤታችን «ጥቁሬ»፣ «ድብልብል»፣ «ቀጫጫ» እየተባሉ የሚጠሩ ልጆች አሉን። ፍቅር ነው እንላለን። ልጅቷ ስሙን ወዳዋለች ወይ ብለን ጠይቀናታል? ደግሞም ጋቢውን የነቀፈ ሸማኔውን ነው የነቀፈው። የልጃችንን አፍንጫ ስናጣጥል የማንን ሥራ ነው የምናጣጥለው?

ቀለም የአላህ ምልክት ነው

በሀገራችን ሰውን ቀይ፣ ጠይም፣ ጥቁር ብሎ መክፈል የቆየ ልማድ ነው። ቀይ መሆን ከቁንጅና ጋር፣ መጥቆር ከመከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አላህ ግን በአር-ሩም ምዕራፍ (30፡22) የቋንቋዎቻችንንና የቀለሞቻችንን መለያየት ከምልክቶቹ መካከል ቆጥሮታል። የአላህ ምልክት ደግሞ ሊያስተነትኑት የሚገባ ነገር ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ባደረጉት የመሰናበቻ ሐጅ፣ አሕመድ እንደዘገቡት፣ ከተቅዋ (አላህን ከመፍራት) በቀር አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ምንም ብልጫ እንደሌለው አውጀዋል።

እኛ ሐበሾች በዚህ ረገድ ከማንም በላይ ልናውቅ የሚገባን ታሪክ አለ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕፃንነታቸው አቅፋ ካሳደገቻቸው ሴቶች አንዷ ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን በረካ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ከእሳቸው ሞት በኋላም አቡ በክርና ዑመር (ረ.ዐ.) ያንኑ ልማድ ተከትለው ሄደው እንደጎበኟቸው ሙስሊም ዘግበዋል። ልጃቸው ኡሳማ (ረ.ዐ.) በቀለማቸው ጥቁር ነበሩ፤ አባታቸው ዘይድ ግን ነጭ ስለነበሩ ሰዎች ያሟቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ታላላቅ ሶሓቦች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ አድርገው ሾሟቸው። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ.) ለተማሪያቸው ለዐጣእ የጀነት ሰው የሆነች ሴት ላሳይህን ብለው ያሳዩት አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ቢላልን፣ ኡሙ አይመንንና ነጃሺን በየመድረኩ እናወሳለን፤ እንኮራባቸዋለንም። ከመድረክ ወርደን ቤት ስንገባ ግን ልጃችንን «ፊትሽን ተቀቢ፣ ጠቆርሽ» እንላታለን። ይህ እንዴት ይታረቃል?

በቅባቱ ውስጥ ያለው

የዚህ አባባል መጨረሻ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ቆዳን ያቀላሉ ተብለው የሚሸጡ ቅባቶች በዓለም ዙሪያ ትልቅ ንግድ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በሕንድ ለገበያ የቀረበው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለው ቅባት ለአርባ አምስት ዓመታት ያህል ቅላትን ከቁንጅና ጋር በስሙ አጣምሮ ከተሸጠ በኋላ፣ ብዙ ወቀሳ ስለደረሰበት አምራቹ በ2020 ስሙን ለውጦታል። ስሙ ቢለወጥም ሐሳቡ ግን በየቤቱ ይኖራል።

ከዚህ የሚብሰው ምን እንደያዙ በውል የማይታወቁት ቅባቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል። ሜርኩሪ ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ከዚያ በቆዳ በኩል ሰርጎ ኩላሊትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ነፍሰ ጡር የተቀባችው ወደ ፅንሷ ይደርሳል፤ በፎጣና በመኝታ የሚጋሯት የቤተሰብ አባላትም አይድኑም። በ2013 የጸደቀውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ከሀገር ሀገር እንዳይዘዋወሩ ደንግጓል፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል ሀገሮችም ይህቺው ትንሽ መጠን እንኳ እንድትቀር ወስነዋል። ሌሎቹ ቅባቶች ክሎቤታሶል የተባለውን ሐኪም ብቻ ሊያዝዘው የሚገባ ብርቱ መድኃኒት ይይዛሉ፤ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል፣ ይሰነጥቃል፣ ብጉር ያወጣል። ሃይድሮኪኖን የተባለው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ፊትን ወደ ሰማያዊ ያደላ ጥቁረት ሊያመጣበት ይችላል። ቅላት ፍለጋ የወጣችው ልጅ የማይለቅ ጥቁረት ይዛ ትመለሳለች ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቁንጅና ብለው የአላህን አፈጣጠር የሚለውጡትን ማውገዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ራስንም ሆነ ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድ ደግሞ ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት የታወቀ መርሕ አለ። ይህን ሐዲስ ለሴት ልጆች ማንበብ እናውቅበታለን። ነገር ግን ልጅቷ አፈጣጠሯን እንድትጠላ ያስተማራት ማን እንደሆነ ሳንጠይቅ እሷን ብቻ ብናወግዝ ፍርዱ ጎደሎ ይሆናል።

ውፍረትና ክሳት

ሌላው ፈተና የሰውነት መጠን ነው። ሰዎች ለዚህ የሚያወጡት መለኪያ ምን ያህል ከንቱ እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ሀገሮችን እንመልከት። በሞሪታኒያ ወፍራም ሴት የሀብትና የቁንጅና ምልክት ተደርጋ ስለምትቆጠር፣ ትንንሽ ልጃገረዶችን በግድ የግመል ወተትና ምግብ እያጠጡና እያጎረሱ ማወፈር የቆየ ልማድ ነበር፤ አሁንም ጨርሶ አልጠፋም። እምቢ ያለችውን የእግር ጣቷን በእንጨት መካከል እየጨመቁ እንድትውጥ ያደርጓት ነበር። በሌላ በኩል የፊጂ ደሴቶች ሕዝብም ሞላ ያለ ሰውነትን የሚያደንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደተባለው የፊጂ ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚያው ዓመት ተማሪ ልጃገረዶችን ሲጠይቁ ለመክሳት ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አላገኙም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ሲመለሱ ግን ከመቶ 11 የሚሆኑት እንደሚያስመልሱ ነገሯቸው፤ ከመቶ 74 የሚሆኑት ደግሞ ራሳቸውን አንዳንዴም ቢሆን ከመጠን በላይ ወፍራም አድርገው ያዩ ነበር።

አንዱ ሀገር አጉርሶ ያሠቃያል፤ ሌላው ያስርባል። ሁለቱም ቦታ የምትሠቃየው ሴት ልጅ ናት። በእኛም ሀገር «ተመችቶሻል» ማለት ምርቃት የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በከተማ ይህን የተባለች ወጣት ተከፍታ ወደ ቤቷ ትገባለች። የተለወጠው የአላህ አፈጣጠር ሳይሆን የሰው ምኞት ነው።

አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑ በኪስ የሚያዝ ሆኗል። በቲክቶክና በኢንስታግራም የሚታየው ፊት በመሣሪያ የቀላ፣ አፍንጫው የቀጠነ፣ ቆዳው የተወለወለ ነው። የፎቶው ባለቤት ራሷ እንኳ እንደዚያ አትመስልም። በ2021 ይፋ የወጡ የኢንስታግራም ባለቤት ኩባንያ የውስጥ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በሰውነታቸው ከሚከፉ ልጃገረዶች መካከል ከመቶ 32 የሚሆኑት ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። አንዳንድ ወላጅ «የእኔ ልጅ ሒጃብ ለባሽ ናት፣ ይህ አይነካትም» ይላል። ሒጃብ ከመንገደኛ ዓይን ይሸፍናታል እንጂ ከስልኳ መስኮትና ከእናቷ ምላስ አይሸፍናትም።

እስቲ ከዚህ ጋር የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት እናነጻጽር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደተናገሩት፣ በአንድ ጉዞ ላይ ከነቢዩ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመው ቀደሟቸው። ከጊዜ በኋላ ሰውነታቸው ሲሞላ ደግመው ተሽቀዳደሙ፤ ያኔ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀደሟቸውና ይህ በዚያኛው ተካካሰ ብለው ተጫወቱ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ሰውነት ከጊዜ ጋር ተለወጠ፤ ጨዋታውና ፍቅሩ ግን አልተለወጠም። «ወፈርሽ» የሚል ወቀሳም አልተሰማም።

«ባል እንዳታጣ ብዬ ነው»

ብዙ እናቶች የሚሰጡት መልስ ይህ ነው። «እኔ ጠልቻት ነው? ነገ ባል እንዳታጣ ብዬ እንጂ!» ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን ይህን ገበያ ያቆመው ማን ነው? ለጠይሟ ልጇ የምታለቅሰው እናት ለወንድ ልጇ ሚስት ለመፈለግ ስትወጣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቀይ ናት ወይ?» ከሆነ፣ የሌላዋን እናት ልጅ ያስለቀሰች እሷው ናት። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሴት የምትፈለግባቸው ነገሮች ገንዘብ፣ ዘር፣ ቁንጅናና ዲን መሆናቸው ተነግሮ እንድንይዝ የተመከርነው ባለ ዲኗን ነው። ይህ ምክር የተሰጠው ለወንዶችና ለወላጆቻቸው ነው። ስለዚህ ገበያውን የማስተካከሉ ግዴታ የሚጀምረው ከወንዱ ቤት ነው።

ልጅቷ ከመልኳ በላይ ናት

ሴት ልጅ መልኳን ከሌላው ነገር ሁሉ አብልጣ የምታየው ሌላ የምትከበርበት ነገር ስናሳጣት ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እየተባለ ያደገች ልጅ ከመስታወት በቀር ምን ይቀርላታል? እናታችን ዓኢሻ 2210 ሐዲሶችን ያስተላለፉ ዐሊም ናቸው። እናታችን ኸዲጃ ነጋዴ ነበሩ። ሺፋእ ቢንት ዐብደላህ ለእናታችን ሐፍሷ ጽሕፈት አስተምረዋል። ኑሰይባ ቢንት ከዕብ በኡሑድ ዘመቻ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሰይፍ ተከላክለው ትከሻቸው ላይ ቆስለዋል። እነዚህን ሴቶች ታሪክ የሚያስታውሳቸው በቅላታቸውና በወገባቸው አይደለም። በአንጻሩም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ ጓዳው የሴት፣ ሜዳው የወንድ ነው የሚለው ክፍፍል ከእሳቸው ሱና የተቀዳ አይደለም።

ልጅቷ ለአካለ መጠን ስትደርስ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ይመጣል። የወር አበባዋን እንደ ነውር ደብቃ፣ ትርጉሙን ከጓደኞቿ ሹክሹክታ እየለቀመች የምታድግ ልጅ ሰውነቷን ትጠየፋለች። እናታችን ዓኢሻ በሐጅ ጉዞ ላይ የወር አበባ መጥቶባቸው ሲያለቅሱ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ በአደም ሴት ልጆች ላይ የወሰነው ነገር መሆኑን ነግረው አጽናኗቸው። ቡኻሪ ዘግበውታል። እናት ይህን ለልጇ ቀድማ ብትነግራት ምን ያህል ሸክም ባቀለለችላት ነበር!

ይህ ሲባል ማማር ተከለከለ ማለት አይደለም። አላህ ውብ ነው፣ ውበትንም ይወዳል። ንጽሕና፣ የተስተካከለ ልብስ፣ የተበጠረ ጠጉር፣ በቤቷ ሒና መቀባት የተወደደ ነው። ሰውነትም በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ተነግሮናል፤ ስለዚህ በልክ መብላት፣ መንቀሳቀስና መታከም ዒባዳ ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ሰውነትን አማና መሆኑን አውቆ መንከባከብ አለ፤ ጠልቶት መቅጣትም አለ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ አባቶች! ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንደነገሩን ፋጢማ (ረ.ዐ.) ስትገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነሥተው ይቀበሏት፣ ይስሟትና በመቀመጫቸው ያስቀምጧት ነበር። የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ደግሞ ተሸክመዋት ሰግደዋል። ሴት ልጅህ ስትገባ ስልክህን አስቀምጠህ ተቀበላት። በቤቷ ክብር ያገኘች ልጅ ለደጅ አድናቆት አትራብም።

ሁለተኛ፣ እናቶች! ልጃችሁ የምትሰማው ስለ እሷ የምትሉትን ብቻ አይደለም። በመስታወት ፊት ቆማችሁ ስለ ራሳችሁ የምታማርሩትንም ትሰማለች። የራሷን መልክ የምትሰድብ እናት፣ እሷን የምትመስለውን ልጇንም አብራ ሰድባለች።

ሦስተኛ፣ ከቤታችን ቅጽል ስሞችን እናስወጣ። ዘመድ ሲናገር «በልጄ አፈጣጠር አትቀልዱ» ብለን በልጅቷ ፊት እንመልስ። ዝምታችንን እንደ መስማማት ትቆጥረዋለችና።

አራተኛ፣ በሥራዋ እናመስግናት። ቁርኣን ስለሐፈዘች፣ እውነት ስለተናገረች፣ ሒሳብ ስለሠራች፣ ለጎረቤት ስላዘነች። ቆንጆ መሆኗንም እንንገራት፤ ነገር ግን ከእህቷ ጋር ሳናወዳድር።

አምስተኛ፣ የምትቀባውን እንወቅ። ስያሜው ያልተጻፈበት፣ በዕቃ ውስጥ ተገልብጦ የሚሸጥ ቅባት ቤታችን አይግባ። ምግብ ከጠላች፣ የበላችውን ከደበቀች ወይም ካስመለሰች «ቅብጠት ነው» ሳንል ወደ ሐኪም እንውሰዳት።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት ሴት ልጆችን ለአቅመ ሔዋን እስኪደርሱ ያሳደገ ሰው በቂያማ ቀን ከእሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች የተቀራረበ እንደሚሆን ማብሠራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ይህ ብሥራት ቀይ ሴት ልጆችን ወይም ቀጫጭን ሴት ልጆችን ላሳደገ አልተባለም። ሴት ልጆችን መልካም አድርጎ ላሳደገ ነው።

አላህ ሆይ! አፈጣጠራችንን እንዳሳመርክልን ጠባያችንንም አሳምርልን። ሴት ልጆቻችንን የዓይናችን ማረፊያ አድርግልን። ምላሳችንን በሥራህ ላይ ከመሳለቅ ጠብቅልን። በእጃችን ስላኖርካት አማና በምትጠይቀን ቀን አታሳፍረን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።